ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ

ነሐሴ ነው። ቧንቧ ውሃ ላይ ጉሙ ወርዶ፣
ጦሳን ከነትከሻው ጠቅልሎት ሄዶ፣
ቀለም አልደርቅ ቢለኝ፣ ሥራዬን ፈትቼ፣
ሙሄ ቤት ገባሁኝ ሱቄን ዘግቼ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ። የጃፓን ፊልም ነው። በእጅ የተሳለ።"
"ካርቱን?" አልኩት። "የልጅ?"
መልስ አልሰጠኝም።
ላፕቶፑን የተደፋ ጄሪካን ላይ አቆመው፤
ባትሪው ግማሽ ነው፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

መጀመሪያ ዝናብ መጣ።
ዝናብ! የደሴን ሰው ዝናብ ያስገርመዋል?
ቆርቆሮ ሲደበድብ እየሰማ አድጓል።
ግን አንዲት ጠብታ፣ ከቅጠል ጫፍ ተንጠልጥላ፣
መንደሩን ገልብጣ በሆዷ አዝላ፣
ልውደቅ አልውደቅ ስትል
ቆየች…
ቆየች…
ወደቀች።
ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያኔ ነው የታወቀኝ።

አንዲት ልጅ ናት፣ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ፣
በሸራ የተጠቀለለ ትልቅ ደወል።
ወዴት ነው የሚወስዱት? ለማን?
ሙሄ ሊተረጉምልኝ ጀመረ፤ "እሷ እንግዲህ አባቷ…"
ተው አልኩት፣ ተው፣
አፍ ሲያወራ ዓይን ይደናገራል።

ሐይቁ ሲመጣ ግን ዝም ያስባልኩት እኔው ጮህኩ፦
"ሐይቅ ነው!"
"አዎ ጋሼ፣ ሐይቅ ነው።"
"አይደለም፣ የኛው ሐይቅ! እስጢፋኖስ ያለበት፣
ማለዳ ከውጫሌ ስትመጣ የምታይበት!"
ያ ሰማያዊ፣ ሰማያዊም ያልሆነው፣
ነጭ ላይ ጥቁር ጠብ አድርጌ፣
አንዴ አመድ፣ አንዴ ሻይ ጨምሬ ፈልጌ፣
ያጣሁት ቀለም
እዚያ ማዶ፣ ስሜን በማያውቅ ሰው እጅ
ተገኝቶ ኖሯል።

ደግሞ የበሩ መቀርቀሪያ።
ልጅቷ ሮጣ አለፈችው፣ ማንም አላየውም፣
ዝገቱን ግን አንድ ሰው ተቀምጦ ቀብቶታል፤
ዝናብ በወረደበት በኩል ወፈር፣
እጅ በሚነካው በኩል ሳሳ አድርጎ።
ለማን ብሎ?
እኔን መሰለኝ። ለእኔ ብሎ።

"ሙሄ፣ ለአንድ ሰከንድ ስንት ሥዕል ነው?"
"እስከ ሃያ አራት ይሄዳል ጋሼ።"
እኔ ሠላሳ ዓመት ታፔላ ስጽፍ፣
የፀጉር ቤት ቆንጆ፣ የጎሚስታ ጎማ፣
ባጃጅ ጀርባ ላይ "ቀን ያልፋል" ስለጥፍ፣
አጋንኜ ብቆጥር፣ ያበላሸሁትን ጭምር፣ ሦስት ሺህ ቢሆን ነው።
ሲካፈል፦
ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ።

ቁጥሩ አልከፋኝም።
የከፋኝ፣ በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ንፋስ የለም።
በሬዎቼ ዓይናቸውን አይጨፍኑም፣
ቆንጆዎቼ ጸጉራቸው ከቦታው አይነቃነቅም፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቅጠል አልወደቀም።

ጀልባው ዳር ደረሰ። ሸራው ተገለጠ።
ሽማግሌው መዶሻውን ወደ ኋላ ሳበ፣
ላፕቶፑ ጠፋ።
ጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለት ፊት ቀረ፣ የሙሄና የኔ፣
አፋችንን እንደከፈትን።
"አብሽሩ፣ ነገ መብራት ይመጣል፣ መጨረሻውን ያያሉ።"
እሺ አልኩት።

ወጣሁ።
ጉሙ ሸዋ በር ላይ ተቀዷል፣
በቀዳዳው አንዲት ጨረር ወርዳ አስፋልቱን ትልሳለች።
አንዲት ሴት ኩሬ ልትሻገር ቀሚሷን ሰብስባ፣
ወላሂ፣ ሃያ አራት ጊዜ ዘለለች።
እያንዳንዱን አየሁት።

በሳምንቱ ለአሊጋዝ ሥጋ ቤት የታዘዝኩትን በሬ ጨረስኩ።
አሊጋዝ ቆሞ አየው፣ ጎንበስ ብሎም አየው።
"እግሩ ሥር ያለው ምንድነው?"
"ውሃ ነው። ዘንቦ ነበር።"
"ውሃው ውስጥስ?"
"ደመና።"
ዝም አለ። ኪሱን ያዘ።
"ለደመናው አልጨምርም።"
"አትጨምር" አልኩት።
በሬው ግን ጆሮውን ያነቃነቀ መሰለኝ።